መምህርነትን በርቀት ስማርና በርቀት ሳሠለጥን ያየሁት

መምህርነትን በርቀት ለመማር ያሰበ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኛል፦ «በርቀት የሠለጠነ መምህር በመደበኛው ከሠለጠነው እኩል ይሆናል?» ጥያቄውን ከሁለቱም ወገን አውቀዋለሁ። እያስተማርኩ ዲግሪዬን በርቀት ተምሬአለሁ። በኋላም የርቀት ሠልጣኞች አሠልጣኝ ሆኜ ለዓመታት አሳይመንት አርሜአለሁ፣ ሞጁል አዘጋጅቻለሁ፣ በየክፍሉ እየገባሁ የማስተማር ልምምድ ተመልክቻለሁ። መልሴ አጭር ነው። እኩል ይሆናል፤ ይልቃልም። ግን ሲያስተምር አይቶ የነገረው ሰው ሊኖር ይገባል። ንድፈ ሐሳብ በፖስታ ይደርሳል፣ በሬዲዮ ይደርሳል፣ ዛሬ ደግሞ በስልክ ይደርሳል። እናንተ ስታስተምሩ ከኋላ ወንበር የተቀመጠ ሰው ያየውን ግን የትኛውም ሞጁል ይዞላችሁ አይመጣም። የምጽፈው ሁሉ ከዚህ ይነሳል።

ታሪኩን የማነሣው ለጌጥ አይደለም። ዛሬ የመምህራን የርቀት ሥልጠና የሚሰናከልበት ድንጋይ ከሁለት መቶ ዓመት በፊትም እዚያው ነበር። በ1795 እ.ኤ.አ. የፈረንሳይ አብዮት መንግሥት ለመላ አገሪቱ በአንድ ጊዜ መምህራን ለማፍራት ተነሣ። 1,400 ያህል ሰዎች ከየአቅጣጫው ተመልምለው ፓሪስ ተሰበሰቡ፤ ሠልጥነው ሲመለሱ በየአካባቢያቸው ሌሎችን ያሠለጥናሉ ተብሎ ነበር። ካስተማሯቸው መካከል ላፕላስ፣ ላግራንዥ፣ ሞንዥና ቤርቶሌ ነበሩበት። በዚያ ዘመን ለሒሳብና ለኬሚስትሪ ከእነዚህ የተሻለ ሰው ከየት ይመጣል? ያም ሆኖ ትምህርቱ በጥር ተጀምሮ በግንቦት ቆመ። የሠልጣኞቹ የዕውቀት ደረጃ እጅግ የተራራቀ ነበር፤ ንግግሩም ለብዙዎቹ ከአቅማቸው በላይ ነበር። ሥልጠናው ሊቃውንትን በማዳመጥ ላይ እንጂ ሕፃናት ፊት ቆሞ በማስተማር ላይ የቆመ አልነበረም። ሺዎች በአንድ ጊዜ የሚከታተሉት የበይነ መረብ ሥልጠና ባየሁ ቁጥር ያ የፓሪስ አዳራሽ ይመጣብኛል። ተናጋሪው ምንም ያህል ሊቅ ቢሆን፣ አድማጩ ነገ ክፍል ገብቶ የሚያደርገውን የሚያይ ከሌለ ገንዘቡም ጊዜውም ይባክናል።

በ1839 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ሌክሲንግተን ላይ የተከፈተው የመምህራን ማሠልጠኛ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቀን የመጡት ሦስት ሴቶች ብቻ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ሳይረስ ፒርስ ብዙም ሳይቆይ ከማሠልጠኛው ጋር የሕፃናት ትምህርት ቤት አያያዘ። ሠልጣኞቹ እዚያ ያስተምራሉ፣ እርሱ እየገባ ያያቸዋል፣ ከዚያ ያዩትን ይነጋገራሉ። ከዚህም በፊት፣ በ1680ዎቹ፣ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል የተባለ ካህን በፈረንሳይዋ ሬምስ ለገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ከፍቶ ነበር። በመምህራን ሥልጠና ታሪክ ውስጥ ሥር የሰደደው አሠራር ይህ ነው፤ ሠልጣኙ ያስተምራል፣ ልምድ ያለው ሰው ያየዋል፣ ሁለቱ ይነጋገራሉ።

የርቀት ትምህርት ታሪክስ? እርሱም ቢሆን የሚጀምረው ከእርማት ነው። አይዛክ ፒትማን በ1840 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አጭር ጽሕፈትን፣ ማለትም ንግግርን በአጫጭር ምልክቶች ፈጥኖ የመጻፍ ዘዴን፣ በፖስታ ማስተማር ሲጀምር ተማሪዎቹ የመጽሐፍ ቅዱስ ምንባብ ወደ አጭር ጽሕፈት ገልብጠው ይልኩለታል፤ እርሱም አርሞ ይመልሳል። ጽሕፈቱን የሚያስተምረውን መጽሐፍ ማንም ገዝቶ ማንበብ ይችል ነበር። ነገሩን ትምህርት ያሰኘው የታረመው ወረቀት ወደ ተማሪው መመለሱ ነው። ከ1858 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የለንደን ዩኒቨርሲቲ ማንም ሰው የትም ሆኖ አጥንቶ ለዲግሪው ፈተና እንዲቀርብ በሩን ከፈተ። ይህ ለብዙ ሰው የሕይወት መንገድ ከፍቷል፤ ለዚያ ከልብ ሊመሰገን ይገባል። ዩኒቨርሲቲው ለእነዚያ ተማሪዎች ፈታኝ እንጂ አስተማሪ አልነበረም። «በራስህ አጥና፣ ሲደርስ ተፈተን» የሚለው ይህ አሠራር ለሕግ ወይም ለታሪክ ትምህርት ሊበቃ ይችል ይሆናል። ለመምህርነት አይበቃም። የሚያሳዝነው ግን እስከ ዛሬ ብዙ የመምህራን የርቀት መርሐ ግብሮች በተግባር የሚመሩት በዚሁ ነው፤ ሞጁል ይታደላል፣ ፈተና ይሰጣል፣ መሐሉ ባዶ ነው።

መሐሉን ለመሙላት የለፉም አሉ። በ1969 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ በ1971 የመጀመሪያ ተማሪዎቹን የተቀበለው የብሪታንያ ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ለእያንዳንዱ ተማሪ የሚያርምለትና የሚያማክረው አስተማሪ መደበለት፤ የአስተማሪዎቹ እርማት ራሱ በናሙና እየተወሰደ ይገመገማል። አሳይመንት ሲታረም ውጤት መስጠት ብቻ ሳይሆን ማስተማርም መሆኑን ተቋሙ በሥርዓት ደረጃ ተቀብሎታል ማለት ነው።

ለመምህራን ሥልጠና ግን ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት የማገኘው ችግር ካስገደዳቸው ቦታዎች ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮና የፍልስጤም ስደተኞችን የሚረዳው የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት፣ አብዛኞቹ ሥልጠና የሌላቸውን የስደተኛ ትምህርት ቤቶች መምህራን ከሥራቸው ሳያፈናቅሉ ለማሠልጠን ቤይሩት ላይ ተቋም ከፈቱ። መምህራኑ የማጥኛ ጽሑፍ በየጊዜው ይላክላቸዋል፤ በመደበኛነት በቡድን እየተሰበሰቡ ይወያዩበታል፤ በእረፍት ወራት የገጽ ለገጽ ትምህርት ይወስዳሉ፤ የመስክ አሠልጣኞችም ክፍላቸው ድረስ እየሄዱ ያዩአቸዋል። ታንዛኒያ በ1974 እ.ኤ.አ. ሙሶማ ላይ ለሁሉም ልጅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ለማዳረስ ስትወስን በቂ መምህር አልነበራትም። አንደኛ ደረጃ ያጠናቀቁ ወጣቶችን እያስተማሩ በጽሑፍና በሬዲዮ እንዲሠለጥኑ አደረገች፤ ከ35 ሺህ በላይ መምህራንም በዚህ መንገድ አፈራች። ወጣቶቹን በቅርብ የሚከታተሏቸው አሠልጣኞች ነበሩ።

የዚምባብዌውን ለየት አድርጌ ላንሣ፤ ለእኔ ከሁሉም የተሻለ የታሰበበት ስለሚመስለኝ። ከነፃነት ማግሥት፣ በ1981 እ.ኤ.አ.፣ ዚንቴክ የሚባል የአራት ዓመት መርሐ ግብር ተጀመረ። ሠልጣኙ መጀመሪያ ለ16 ሳምንት ኮሌጅ ይገባል፤ ከዚያ ትምህርት ቤት ተመድቦ እያስተማረ በርቀት ይማራል፤ በመጨረሻ እንደገና ለ16 ሳምንት ኮሌጅ ይመለሳል። የመጀመሪያው ቆይታ ባዶ እጁን ሕፃናት ፊት እንዳይቆም ይረዳዋል። የመጨረሻው ደግሞ ያለፉትን ዓመታት ተሞክሮ ከንድፈ ሐሳቡ ጋር አስታርቆ እንዲያስብበት ጊዜ ይሰጠዋል። በመሐል ሲያስተምር የሚያዩት ተቆጣጣሪዎች ይጎበኙታል። አንድ የርቀት መርሐ ግብር ስትመርጡ ይህን ቅርጽ በአእምሮአችሁ ያዙና አወዳድሩ፤ መግቢያ ላይ ምን አለ፣ መሐል ላይ ማን ያያችኋል፣ መጨረሻ ላይ ያሳለፋችሁትን የምታሰላስሉበት ጊዜ አለ ወይ?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። እኔ የተማርኩበት ተቋም ሞጁሎቹ ጥሩ ነበሩ። አሳይመንት ግን ሲመለስ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በቀይ ከተጻፈ ውጤት ሌላ ምንም አይኖረውም። ገጹን እየገለጥኩ ምልክት ስፈልግ እስከ መጨረሻው ባዶ ይሆንብኛል። አንድ አሠልጣኝ ብቻ በኅዳጉ ላይ ይጽፍ ነበር። የዕለት ትምህርት ዕቅዴ ላይ «ተማሪዎች እንዲወያዩ ይደረጋል» ብዬ ከጻፍኩት ጎን «ስለ ምን? ስንት ሆነው? ስትመለስ ከየቡድኑ ምን ትቀበላለህ?» ብሎ ጽፎብኝ አገኘሁ። ሦስት አጫጭር ጥያቄዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ዕቅድ ባወጣሁ ቁጥር እነዚያን ጥያቄዎች አስቀድሜ ለራሴ አነሣለሁ፤ አሠልጣኝ ስሆንም ለሠልጣኞቼ የጻፍኩት እንደዚያው ነው። ይህን ሰው አንድም ቀን በአካል አግኝቼው አላውቅም። ማይክል ሙር የተባለው የትምህርት ምሁር በርቀት ትምህርት ውስጥ ዋናው ርቀት የኪሎ ሜትር ሳይሆን በአስተማሪና በተማሪ መካከል ያለው የመግባባት ርቀት ነው፤ ይህም የሚጠብበው ወይም የሚሰፋው በመካከላቸው ባለው ምልልስ ነው ይላል። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት ያንን አሠልጣኝ ነው። አጠገቤ ቆመው ከሚያስተምሩኝ ከብዙዎቹ ይልቅ እርሱ ይቀርበኝ ነበር።

ጽሑፍን በሩቅ ሆኖ ማረም ይቻላል። ማስተማርን ግን ማየት ያስፈልጋል። ለምን እንደሆነ አንድ ክፍል ውስጥ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ሠልጣኙ ታታሪ ወጣት ነበር። ስለ ተማሪዎች ስሕተት ትንተና የሚያወራውን ሞጁል በጥሩ ውጤት አልፏል፤ አሳይመንቱን ያረምኩት እኔ ነኝ፣ አሳምሮ ጽፎታል። የክፍልፋይ ድምር ሲያስተምር ልመለከት ከኋላ ተቀመጥኩ። ሰሌዳው ላይ 1/2 + 1/3 ጻፈና ጠየቀ። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች፤ «2/5» አለች። «ልክ አይደለም፣ ሌላ?» አለ። ሁለተኛው ልጅ ዝም አለ፤ ሦስተኛው «5/6» ሲል «ጎበዝ!» ብሎ ጻፈውና ወደሚቀጥለው ጥያቄ አለፈ። ልጅቷ ደብተሯ ላይ የጻፈችውን አጥፍታ 5/6 ጻፈች። ከየት እንደመጣ እንደማታውቅ ከተቀመጥኩበት ይታየኛል። እርሱ ፊቱ ወደ ሰሌዳው ስለነበር አላያትም።

ተማሪዎቹ ከወጡ በኋላ ባዶው ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ልጅቷ 2/5ን ከየት ያመጣችው ይመስልሃል?» አልኩት።

ጥቂት አሰበና «ላይኛውን ከላይኛው፣ ታችኛውን ከታችኛው ደምራ ነው» አለ።

«2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

«ያንሳል።» ከዚያ ቀና አለ። «ግማሽ ላይ ጨምራበት ከግማሽ ያነሰ አገኘች ማለት ነው። ይህን ብጠይቃት ኖሮ ራሷ ታየው ነበር፤ አይደል መምህር?»

በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ልጅቷን ወደ ሰሌዳው አውጥቶ 1/2ንና 2/5ን በሥዕል እንድታነጻጽር አደረጋት። ከዚያ ወዲህ በተመለከትኩት ክፍል ሁሉ «ልክ አይደለም» ከማለቱ በፊት «እንዴት አገኘኸው? እንዴት አገኘሽው?» ማለት ልማዱ ሆነ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ወጣት ስለ ስሕተት ትንተና ያላወቀው ነገር አልነበረም። በወረቀት ተፈትኖ አልፏል። ያላወቀው ነገር ቢኖር ክፍል ውስጥ ያንን እንደማያደርግ ነው፤ ይህን ደግሞ ሌላ ሰው ካልነገረው ሊያውቅ የሚችልበት መንገድ አልነበረም። ዳን ሎርቲ የተባለው የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ ነገሩን በደንብ አስረድቶታል። ማንኛውም መምህር ወደ ሥልጠና ከመግባቱ በፊት በተማሪነት ዘመኑ በሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዓታት መምህራንን ሲመለከት ኖሯል። ሰሌዳ ፊት ሲቆም የሚወጣው ያ የኖረበት ነገር ነው እንጂ ባለፈው ሰሚስተር ያነበበው ሞጁል አይደለም። ሞጁሉ ከዚህ የቆየ ልማድ ጋር ብቻውን ሲታገል ብዙ ጊዜ ይሸነፋል።

ስለዚህ በርቀት የምትማሩ ሁሉ፣ ተቋማችሁ የሚያያችሁን ሰው ቢመድብም ባይመድብም፣ ራሳችሁ ፈልጉ። የሥራ ባልደረባችሁ ይበቃል፤ የግድ ከእናንተ የበለጠ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። ግን «ግባና እየኝ» ብቻ አትበሉት። እንዲህ ከተባለ ወጥቶ «ጥሩ ነበር» ይላል፤ ከአክብሮት ነው፣ ጥፋቱም አይደለም። አንድ ነገር ብቻ እንዲመለከት ስጡት። ለምሳሌ የመቀመጫውን አቀማመጥ ወረቀት ላይ ሥላችሁ ስጡትና የጠየቃችሁትን ልጅ ሁሉ በቦታው ምልክት ያድርግ። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ ወረቀቱን ስታዩ ምልክቶቹ ከፊት ረድፍና ከአንድ ጎን ተከማችተው ብታገኙ አትደንግጡ፤ ባየኋቸው ብዙ ክፍሎች እንዲያ ነው። ሌላ ቀን ደግሞ የጠየቃችሁትን ጥያቄ ቃል በቃል ይጻፍላችሁ። ጥያቄዎቻችሁን ተጽፈው ስታነቡ ስንቶቹ በ«አዎ» ወይም በ«አይ» እንደሚያልቁ ታያላችሁ።

ሌላው ሊለካ የሚችለው ዝምታ ነው። ሜሪ በድ ሮው የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ በበርካታ ክፍሎች የተቀዳ ድምፅ ስታጠና መምህራን ጥያቄ ጠይቀው የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ሆኖ አገኘችው። ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ እንዲጠብቁ ሲደረግ የተማሪዎቹ መልስ ይረዝማል፣ ሳይጠሩ የሚናገሩት ይበዛሉ፣ መልስ አጥተው ዝም የሚሉት ይቀንሳሉ። ሦስት ሰከንድ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ አርባ ልጆች ፊት ለቆመ ሰው ግን ረጅም ነው። ባልደረባችሁ ሰዓቱን ይያዝላችሁ። ማንም ሊያስተካክለው የሚችል፣ ምንም ገንዘብ የማይጠይቅ ማሻሻያ እንዲህ በቀላሉ አይገኝም።

ሰው ካጣችሁ ስልክ አለ። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በ1963 እ.ኤ.አ. ድዋይት አለንና ባልደረቦቹ ማይክሮቲቺንግ የሚባለውን ዘዴ ሲጀምሩ ሐሳቡ ይህ ነበር፦ ሠልጣኙ ለጥቂት ተማሪዎች ለጥቂት ደቂቃ አንድ ነገር ብቻ ያስተምራል፣ ይቀረጻል፣ ቀረጻውን አይቶ ይወያይበታል፣ አሻሽሎ እንደገና ያስተምራል። በዚያ ዘመን ከባድ የቪዲዮ መሣሪያ ይፈልግ የነበረው ነገር ዛሬ በኪስ ውስጥ ነው። ከትምህርት ቤቱና ከወላጆች ፈቃድ ጠይቁ፤ ስልኩን ከኋላ አስቀምጡት፣ የልጆች ፊት ሳይሆን እናንተና ሰሌዳው የምትታዩበት ይሁን። ሙሉውን ክፍለ ጊዜ ለማየት አትነሡ፤ አሥር ደቂቃ ብቻ ምረጡና አንድ ጥያቄ ይዛችሁ እዩት። ቀረጻውን ለሌላ ሰው አታሠራጩ፤ ለመማሪያ ብቻ ይሁን።

ስለ ሞጁል አነባበብ ብዙ አልልም። ከመጨረሻው ጥያቄ ጀምራችሁ ወደ ኋላ አንብቡ፤ የሚፈለግባችሁን አውቃችሁ ስታነቡ ዓይናችሁ ይሰላል። በእያንዳንዱ ምዕራፍ ነገ ክፍል ውስጥ ልትሞክሩት የምትችሉት አንድ ነገር ምረጡና ሞክሩት፤ ምን እንደሆነ በደብተር ጻፉ። እየሠሩ መማር ከመደበኛ ተማሪ የሚያስበልጣችሁ እዚህ ላይ ነው። እርሱ ስለ ትልቅ ክፍል አያያዝ ሲያነብ ማሰብ ብቻ ነው የሚችለው፤ እናንተ ማግሥቱን ትፈትሹታላችሁ። ይህን ዕድል የማይጠቀምበት የርቀት ተማሪ ከርቀት ትምህርት ጉዳቱን ብቻ ወስዶ ጥቅሙን ትቶታል ማለት ነው።

አሳይመንት ስትልኩ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለአሠልጣኙ ጥያቄ ጻፉለት። «እባክዎ የምዘናውን ክፍል ይመልከቱልኝ፤ ዓላማውን በእርግጥ ይለካል ወይ?» ብላችሁ ብትጽፉ መቶ ወረቀት የተቆለለበት አሠልጣኝ እንኳ ለዚያ ጥያቄ መልስ ሳይጽፍ አያልፍም። ከራሴ አውቀዋለሁ። ጥያቄ ያለበትን ወረቀት ሳገኝ ማረሙን ትቼ ሰው ማነጋገር እጀምራለሁ። ውጤት ብቻ ተጽፎበት ከተመለሰላችሁም በትሕትና መልሳችሁ ጠይቁ፤ የከፈላችሁበት መብታችሁ ነው።

አሳይመንትን ለሌላ ሰው ከፍሎ ማሠራት በርቀት ትምህርት ውስጥ ያለ ከባድ በሽታ ነው። አሁን ደግሞ ማሽን በደቂቃ ይጽፈዋል። ስለዚህ ጉዳይ ስናገር የምቆጣው የተቋም ደንብ ስለተጣሰ አይደለም። ሐኪም ወይም መሐንዲስ ሳይማር ዲግሪ ቢይዝ ቢያንስ የሚይዘው፣ የሚመረምረው አካል ይኖራል። መምህር ግን በሩን ዘግቶ ከልጆች ጋር ብቻውን ነው። ላልተማረው ነገር ዋጋ የሚከፍሉት እነርሱ ናቸው፤ እንደጎደለባቸውም አያውቁም። በአሠልጣኝነት ዘመኔ ያገኘሁት መፍትሔ የአሳይመንቱን ጥያቄ ከሠልጣኙ ክፍል ጋር ማያያዝ ነው። «የምዘና ዓይነቶችን አብራራ» ብሎ መጠየቅ ቀርቶ «ባለፈው ሳምንት ከሰጠኸው ፈተና ተማሪዎችህ በብዛት የሳቱትን አንድ ጥያቄ ከሦስት ተማሪዎች መልስ ጋር አቅርብ፤ ለምን ሳቱ? ምን አደረግህ?» ይባል። ይህን የሚመልሰው ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው ብቻ ነው። ከዚህም በላይ ለማረም ደስ ይላል።

ከዚህ የባሰው ግን የማስተማር ልምምድ ቅጽ ሳይታይ የሚፈረምበት አሠራር ነው። በሥራዬ ካጋጠሙኝ ተቋማት በአንዱ የምልከታ ቅጾች ሙሉ ነጥብ ተሞልቶባቸው፣ ተፈርሞባቸው፣ በጥቅል ይመጡ ነበር፤ የብዙዎቹ አስተያየት አንድ ዓይነት ነበር። ምክንያቱ ይገባኛል። ሠልጣኞቹ በሰፊ ቦታ ተበትነዋል፣ ለተመልካቹ የትራንስፖርት ገንዘብ አልተመደበም፣ አንዱ ሰው ሊያዳርሰው ከሚችለው በላይ ሠልጣኝ ተሰጥቶታል። በ2020 እ.ኤ.አ. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ልምምዱ በብዙ አገሮች ጭራሽ ተቋርጦ ወይም በቪዲዮ ተተክቶ ነበር። ምክንያቱ መግባቱ ግን ጉዳቱን አያስቀረውም። ተቋም ለምትመሩ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ በጀት ሲያጥር መጀመሪያ የሚቆረጠው የመስክ ጉብኝት እንዳይሆን። የሞጁሉን ኅትመት ቀንሱ፣ ሥነ ሥርዓቱን ቀንሱ፣ ካስፈለገም የሠልጣኙን ቁጥር ቀንሱ። መሄድ ካልተቻለ በአቅራቢያ ያለ ልምድ ያለው መምህር አሠልጥናችሁ፣ ተገቢውን ክፍያ ከፍላችሁ፣ እርሱ ይመልከት። ታንዛኒያና ዚምባብዌ ይህን ሁሉ የሠሩት ሀብት ተርፏቸው አይደለም።

ብቸኝነት ሌላው ፈተና ነው። ርቀት ትምህርት ጀምሮ የሚያቋርጠው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ትምህርቱ ከብዶት አይደለም። ሥራ ውሎ፣ ቤት ገብቶ፣ ሁሉም ሲተኛ ብቻውን ሞጁል የሚገልጥ ሰው «ማን አይቶኝ ነው?» የሚልበት ሌሊት ይመጣል። አንድ ሳምንት ያልፈዋል፣ ሞጁሉ ይደራረባል፣ ከዚያ ማየቱ ራሱ ያስፈራዋል። የቤይሩቱ ተቋም መምህራኑን በየጊዜው ይሰበስብ የነበረው ትምህርቱን ለማስረዳት ብቻ አይመስለኝም። በተመሳሳይ መርሐ ግብር ውስጥ ያሉ ሁለት ሦስት ሰዎች ፈልጉና ቋሚ ቀን ያዙ። የምትገናኙት በስልክም ቢሆን ቀኑ ቋሚ ይሁን፤ «ስንችል እንገናኝ» የተባባለ ቡድን ሲበተን እንጂ ሲቆይ አላየሁም። ስትገናኙም እያንዳንዳችሁ ክፍል ውስጥ የሞከራችሁትን አንድ ነገር ይዛችሁ ኑ።

ተቋም ስትመርጡ በቅድሚያ ዕውቅናውን፣ የምትመዘገቡበት የትምህርት መስክ በርቀት እንዲሰጥ በሕግ የተፈቀደ መሆኑንም ጭምር፣ ከሚመለከተው የመንግሥት አካል አረጋግጡ። አንድ ተቋም በመደበኛ የተፈቀደለት በርቀት ላይፈቀድለት ይችላል፤ ከተመረቁ በኋላ ይህን ማወቅ ልብ ይሰብራል። ከዚያ መዝጋቢውን ጠይቁ፦ ስንት ጊዜ ክፍሌ ገብቶ የሚያየኝ ሰው ይመደባል? ያ ሰው ማነው? ስንት ሠልጣኝ ይይዛል? አሳይመንት በስንት ጊዜ ታርሞ ይመለሳል? የታረመ አሳይመንት ናሙና ማየት እችላለሁ? ስለ ክፍያና ስለ ምረቃ ቀን ፈጥኖ የሚመልስ፣ በእነዚህ ላይ ግን የሚያመነታ ተቋም ምን እንደሚሰጣችሁ ከወዲሁ እየነገራችሁ ነው። ቢቻል ያለፈውን ዓመት ተመራቂ አግኝታችሁ አንድ ነገር ብቻ ጠይቁት፦ «ስታስተምር ማን አየህ?»

ከመመዝገባችሁ በፊት ከርዕሰ መምህራችሁም ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ነገር ያስፈልጋችኋል፤ በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ የሌላ መምህር ክፍል ገብታችሁ የምታዩበት፣ በወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ደግሞ ባልደረባችሁ ገብቶ የሚያያችሁ። በቃል የተገባ ቃል የፈተና ሰሞን ሲደርስ ይረሳል። የሰዓት ሰሌዳው ከመውጣቱ በፊት ጠይቁና በስማችሁ ይጻፍበት። ርዕሰ መምህሩ «መምህር አይበቃንም» ካሏችሁ፣ እናንተም በምላሹ የዚያን ባልደረባ ክፍል በሌላ ሰዓት እንደምትይዙለት አስቀድማችሁ ተስማምታችሁ ሂዱ። እኔ እንዲህ ተዘጋጅቶ ሄዶ የተከለከለ ሰው አላጋጠመኝም።